ወደ ግራ የማይዞር ብረት

ሰፈሩ ሁሉ «ቀኝ ዙር» ይለዋል። ወታደር ቤት ደጃፍ ረግጦ አያውቅም፤ ስሙን ያወጣለት ሥራው ነው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አንድ ጠመዝማዛ ብረት ይዞ ጉድጓድ አፍ ላይ ሲዞር ኖሯል፤ የሚዞረውም ሁልጊዜ ወደ ቀኝ ነው።

ብረቱ ቁመቱ ከአንድ ክንድ ትንሽ ይበልጣል። ጫፉ ሹል ነው፤ ወገቡን የተጠቀለለ ስለት ዞሮታል። ከላዩ ረጅም ዘንግ ይታሰርበታል፤ ዘንጉ አናት ላይ ደግሞ አግድም እጀታ ይገባል። ሁለት ሰው ፊትና ኋላ ሆኖ እጀታውን እየገፋ ሲዞር ብረቱ መሬቱን እየበሳ ይወርዳል፤ አፈሩም ስለቱ ላይ ተሳፍሮ ወደ ላይ ይወጣል። ጉድጓዱ በጠለቀ ቁጥር ሌላ ዘንግ ይቀጠላል። ዘንግና ዘንግ የሚያያዙት በጥርስ ነው፤ አንዱ ሌላው ውስጥ ተጠምዝዞ ይገባል። ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ወደ ቀኝ ሲያዞሩት ጥርሱ ይጠብቃል፤ ወደ ግራ ካዞሩት ግን ይፈታና የታችኛው ብረት እዚያው መሬት ሆድ ውስጥ ይቀራል። ስለዚህ የዚህ ሥራ ሰው ቢደክመውም፣ ብረቱ ቢያዝበትም ወደ ኋላ አይመልስም። ወይ ወደ ቀኝ ነው፣ ወይ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ።

ብረቱ የእሱ አይደለም፤ የአማቱ ነው። በወጣትነቱ ልጃቸውን ሊጠይቅ የሄደ ዕለት አባትየው ከላይ እስከ ታች አዩትና «እስቲ ዙር፣ ትከሻህን ልየው» አሉት። ዞረ። «ወንድ ልጅ የለኝም፤ እጀታው ደግሞ ሁለት ሰው ይፈልጋል» አሉ። እሱም የልጅቷ ነገር አንገብግቦታልና «ለጊዜው ምን ቸገረኝ» ብሎ ገባበት። ያ «ለጊዜው» ሁለት ልጆች አስወልዶ ጸጉሩን አሸበተው።

እጀታውን ከወዲያ በኩል የሚገፋው የሥራ ጓደኛው ወፍራም፣ ተረበኛ ሰው ነው፤ «ግንዱ» ይሉታል። ግንዱ አንድ ቀልድ አለው፤ በሳምንት አንዴ ካልደገማት አይሆንለትም። «አንተ ያገባኸው ብረቱን ነው፤ ሚስትህ ሚዜ ነበረች» ይላል።

ቤቱም ቢሆን የብረቱ ነው። ዘንጎቹ እያንዳንዳቸው ሁለት ሜትር ናቸው፤ ግድግዳውን ተከትለው ይጋደማሉ። አብረዋቸው የሚኖሩት የአማቱ አልጋ ወደ መስኮቱ የተገፋው፣ ቁም ሣጥኑም በሩን እየከለለ የቆመው ለእነሱ ቦታ ለመስጠት ነው። ከመጋረጃው ወዲያ እሱና ሚስቱ ከሁለቱ ሴት ልጆቻቸው ጋር ይተኛሉ። ልጆቹ ዳዴ ትተው መራመድ ሲጀምሩ መጀመሪያ የለመዱት ዘንግ መሻገርን ነበር። ሚስቱ አንዳንድ ጊዜ «ቤት ብንቀይር ምን ይመስልሃል?» ትለዋለች። ወዲያው ራሷ «ዘንጎቹስ?» ትላለች፤ ወሬውም እዚያው ያልቃል።

አማቱ ዓይናቸው ከጠፋ ስድስት ዓመት ሆኗል። ብረቱን ግን አልተዉም። እሱ ከሥራ ሲመለስ አልጋቸው ጫፍ ላይ ቁጭ ብለው ይጠብቁታል። ዘንጎቹ በዘይት ጨርቅ ተወልውለው አንድ በአንድ ጭናቸው ላይ ይጋደሙላቸዋል፤ እሳቸውም በአውራ ጣታቸው ጥርስ በጥርስ ይዳስሷቸዋል።

«ምን አፈር አገኛችሁ?»

«ከላይ ቀይ ነው አባባ። ከስር አመድማ።»

«እስቲ ቁንጣሪ አቀብለኝ።» በጣታቸው ያሹታል፤ ያሸቱታል። «ይሄ ውኃ ይይዛል፤ ቤት አይሸከምም። ለሰዎቹ ንገራቸው፤ እንዳይሞኙ።»

ደግ ሰው ናቸው። በአሥራ ዘጠኝ ዓመት አንድ ቀን ድምፃቸውን ከፍ አድርገውበት አያውቁም። ክፉ ቢሆኑ ኖሮ በቀለለው፤ ክፉን ሰው ትቶ መሄድ ማንን ይቸግራል? የሚያስሩት «ልጄ» ሲሉት ነው።

ከሁለት ወር በፊት ለውኃ ቆጣሪ አንባቢነት ተፈተነ። ለማንም አልነገረም፤ ለሚስቱም ቢሆን። ቆጣሪ አንባቢ መዝገቡን በብብቱ ሸጉጦ ከቤት ቤት ይሄዳል፤ አንዱን መንደር ጨርሶ ወደ ሌላው ይሻገራል። የማረከው ይኸው ነው፤ ጠዋት ከቆመበት ርቆ መዋል። እሱ እንደሆነ ስንት ዓመት ቀኑን ሙሉ ሲራመድ ይውልና ሲመሽ ራሱን እዚያው ጉድጓድ አፍ ላይ ያገኘዋል።

ፈተናውን አለፈ። ወረቀቱ «እስከ ዓርብ አሥራ አንድ ሰዓት ራሱ ቀርቦ ያልፈረመ፣ ቦታው ለተከታዩ ይሰጣል» ይላል። ሰኞ ሊናገር አሰበ፤ አማቱ ያን ዕለት ወገባቸውን አሟቸው ነበርና ተወው። ማክሰኞ ሚስቱ ስትስቅ አያት፤ ሳቋን ማበላሸት አልፈለገም። ሐሙስ «አባባ» ብሎ ጀመረ። «አቤት ልጄ» ሲሉት «ዘይቱ ሊያልቅ ነው» አላቸውና ወጣ።

ዓርብ ጠዋት የአንዲት ልብስ ሰፊ ግቢ ውስጥ ነበሩ። ሴትዮዋ ከጓሮዋ ሁለት ክፍል ልትሠራ አስባ፣ መሠረት ሳይጣል አፈሩ ከስሩ ምን እንደሚመስል እንዲታይላት ጠርታቸዋለች። አራተኛውን ዘንግ ቀጥለው ስምንት ሜትር ሊሞላ ሲል ብረቱ ጥርቅም አለ። ገፉት፤ አልሄደም። ወደ ላይ ሳቡት፤ አልመጣም። ሁለት ድንጋይ መሃል ገብቶ ተሰንቅሯል።

«መሬቱ ነከሰው» አለ ግንዱ ላቡን እየጠረገ።

«ከጋራዡ ክሪክ እንዋስ። በክሪክ ከስር ወደ ላይ ብንገፋው ይነቀላል።»

«እኔ ልሂድ። አንተ ከሚስትህ ጋር ተጫወት» አለና እጀታውን መታ መታ አድርጎ ሄደ።

ለነገ ማሳደር አይሆንም። እርጥብ ጭቃ ነው፤ ካደረ ደርቆ እንደ ሲሚንቶ ይጨብጠዋል። ደግሞም አማቱ በሕይወታቸው ብረት ጉድጓድ ውስጥ ጥለው ወደ ቤት ገብተው አያውቁም፤ «ሰው ጓደኛውን ጉድጓድ ውስጥ ትቶ እራት ይበላል?» ይላሉ። ስለዚህ ቀኝ ዙር እጀታውን ይዞ ቆመ። መያዝ አያስፈልገውም ነበር፤ ብረቱ የትም አይሄድም። እጁ ግን አልለቀቀም።

በልብስ ሰፊዋ መስኮት በኩል የግድግዳ ሰዓት ይታያል። ሰባት ሰዓት ሆነ፤ ግንዱ የለም። ስምንት ሆነ። የስፌት መኪናው ይንኳኳል፣ ያርፋል፣ ደግሞ ይንኳኳል። ሴትዮዋ በመስኮቱ ብቅ ብላ «ያ ጓደኛህ ክሪክ ሊዋስ ነው የሄደው ወይስ ሊያሠራ?» አለችው።

«ይመጣል እናቴ» አላት።

ዘጠኝ ሰዓት ሆነ። መሥሪያ ቤቱ ከዚህ የአንድ ሰዓት መንገድ ነው። ብረቱን ሳያወጣ ቢሄድ ሁሉም ይጠይቀዋል፤ ሲጠየቅ መናገር ሊኖርበት ነው። ብረቱ ከሌለ ግን ሥራው የለም፤ ሥራው ከሌለ ደግሞ መናገር አያስፈልግም፤ ነገሩ በራሱ ያልቃል። መጀመሪያ ይህን ሲያስብ ራሱን ገሠጸ። ቀጥሎ አንገቱን አዙሮ ግቢውን ቃኘ።

የሥራውን ሕግ ያውቃል። መሬት የወሰደው ብረት ዘንጉ ጫፍ ላይ ስብራት ይተዋል። ሰው የተወው ከሆነ ጥርሱ ሙሉ ሆኖ ይወጣል። ይህን የሚለዩ ጣቶች ቤት ቁጭ ብለው እየጠበቁት ነው። ቢሆንም እጀታውን በሌላው ጎኑ ተደግፎ ወደ ግራ ገፋ።

አልሄደም። ሰውነቱም እምቢ አለ፤ ወደ ቀኝ የሚገፋበት ጎኑ ጠጥሮ ቆዳ ሆኗል፤ ይሄኛው ጎኑ ገና ለስላሳ ሥጋ ነው፤ ብረቱ ሲያርፍበት አመመው። እንደገና ገፋ። እግሩን የግቢው ግንብ ላይ ተክሎ ትንፋሹን ዋጥ አድርጎ ሲገፋ ከታች፣ በጣም ከታች፣ «ቀጭ» አለ። ከዚያ በኋላ እጀታው እንደ በር ማጠፊያ ዝም ብሎ ዞረ።

ግንዱ ክሪኩን ትከሻው ላይ ተሸክሞ ሲገባ አራቱ ዘንጎች መሬት ላይ ተጋድመው አገኛቸው። የመጨረሻውን ጫፍ አንስቶ አየ። እሱም የሥራው ሰው ነው።

«ምን አደረግክ አንተ?»

«ተወው።»

«እኔ እዚያ ቀኑን ሙሉ ጋራዥ ለጋራዥ ስለምን፣ አንተ እዚህ ትፋታለህ?» ተረቡ ግን ሳቅ አልነበረውም። ዘንጉን አገላበጠ። «በመዶሻ ልምታልህ? ሁለት ጊዜ ብለው ስብራት ይመስላል።»

ቀኝ ዙር አንዴ መዶሻውን፣ አንዴ ሰዓቱን አየ። «አይ። እንዲሁ ይሁን» አለ። «ዘንጎቹን ቤት አድርስልኝ፤ ለአባባ ግን እኔ ሳልመጣ እንዳትሰጣቸው።» ይህን ብሎ እየሮጠ ወጣ።

መሥሪያ ቤቱ ሊዘጋ ሩብ ሰዓት ሲቀረው ደረሰ። ጸሐፊዋ ጭቃ እግሩን፣ ቀጥሎም ወለሏን አየች። «አሁን እኮ ተጠርጎ ነበር» አለችው። ይቅርታ ጠይቆ ፈረመ። «ሰኞ ሁለት ሰዓት። ጫማህን ጠርገህ» አለችና መዝገቡን ዘጋች። አሥራ ዘጠኝ ዓመት የፈጀበት ነገር ያለቀው በአንዲት ፊርማ ነው። ደስታውን ጠበቀ፤ ደስታው ግን መንገድ ላይ አልደረሰበትም።

ቤት ሲገባ ዘንጎቹ በቦታቸው ተጋድመዋል፤ አማቱም እንደ ልማዳቸው አልጋቸው ጫፍ ላይ ናቸው። ሚስቱ የእጇን እርጥበት በቀሚሷ እየጠረገች ከጓዳ ወጣች። ግንዱ «ብረቱ ጠፍቷል» ብቻ ብሎ ሄዷል።

«ስጠኝ» አሉ ሽማግሌው።

የመጨረሻውን ዘንግ ጭናቸው ላይ አጋደመላቸው። አውራ ጣታቸው ከላይኛው ጥርስ ጀምሮ ወረደ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ጫፉ ላይ ሲደርስ ቆመ። ተመለሰ፤ እንደገና ሄደ። አንድም የተጎዳ ጥርስ የለም።

«ምን ሆነ አባባ?» አለች ልጃቸው።

«ተሰበረ» አሉ። «መሬት ወሰደው። ብረት ነው፤ ይሰበራል።»

«ኧረ እንኳንም እጁን አልወሰደው!» አለች፤ ባሏንም ትከሻውን ዳበስ አደረገችው። እኚህ ሰው በብረት ነገር ዋሽተው አያውቁም።

«ከአልጋዬ ሥር እጅሽን ስደጂ» አሏት ቀጥለው። «ከግድግዳው ጋር ጆንያ አለ።»

ተንበርክካ ጎተተችው፤ ከበደ። ውስጡ በቅባት የተነከረ ጨርቅ፣ ጨርቁ ውስጥ ደግሞ አዲስ ጠመዝማዛ ብረት ነበር፤ ስለቱ አንድ ጠጠር ያልነካው፣ የሚያብረቀርቅ።

«ዓይኔ ሳይጠፋ ያስሠራሁት ነው፤ ለክፉ ቀን ብዬ» አሉ። «በል፣ ተቀበላት።»

ሚስቱ ክንዱ ላይ አስታቀፈችው። ሽማግሌው በዳበሳ ፈልገው የእጁን አንጓ ያዙ።

«እኔም እንደ አንተ ደክሞኝ ያውቃል፤ ይረሳል ልጄ» አሉት ዝቅ ባለ ድምፅ።

አውቀዋል። አውቀው ይቅር ብለውታል፤ ይቅር ባሉበት አፋቸው ደግሞ መልሰው አስረውታል። ዝም ቢል ሰኞ ጠዋት የሚዞረው እዚያው ነው፤ ይህንንም ብረት አንድ ቀን መጣል ሊኖርበት ነው።

«አባባ፣ አልተሰበረም» አለ። «ወደ ግራ ያዞርኩት እኔ ነኝ።»

«ማን ጠየቀህ?» አሉ ሽማግሌው ቀስ ብለው።

ሚስቱ ወደ እሱ ዞረች። «ወደ ግራ? ለምን?»

በነፃ እጁ ከደረት ኪሱ ወረቀቱን አውጥቶ ሰጣት። በላብ ርሶ ነበር። ቆማ አነበበችው፤ ጨርሳም እንደገና ከላይ ጀመረችው።

«መቼ ነው የተፈተንከው?»

«ሁለት ወር ሆነኝ።»

«ሁለት ወር ሙሉ ከጎኔ እየተኛህ!»

«ምን ይላል ወረቀቱ?» አሉ አባቷ። ጮክ ብላ አነበበችላቸው። ሰሙ። አንገታቸውን አቀረቀሩ።

«ቆጣሪ» አሉ። «ቆጣሪ ጉድጓድ የለውም?»

«የለውም አባባ። በየቤቱ ደጃፍ ነው።»

«እንግዲህ ማን ያዞራል?»

ቁጣ አልነበረበትም። እውነት ማወቅ ፈልገው ነው የጠየቁት። ሚስቱ ወደ ዘንጎቹ አየች፤ እሱም አዲሱን ብረት ከዘንጎቹ አጠገብ ወለሉ ላይ አስቀመጠው። ሲያጎነብስ አንጓውን የያዘው እጅ አብሮት ወረደ።

«ሰኞ እሄዳለሁ አባባ» አለ።

ሽማግሌው እጃቸውን አልለቀቁም። እሱም አልነጠቀም። እንዳጎነበሰ፣ ወገቡ እየታመመው፣ በራሳቸው ጊዜ እስኪለቁት ድረስ ጠበቀ።