ከማክራቪዎች መጽሐፍ የተፋቀው አባት

ኦርፋ ማክራቪ በካሮላይና ተራሮች ሥር ካለ የካልሲ ፋብሪካ በጡረታ የወጣች ሴት ነበረች። ባል አላገባችም። ዕድሜዋን የበላው አንድ ጥያቄ ነው፦ ማክራቪ የሚባለው ስም ከየት መጣ?

ሃያ ሁለት ዓመት ፈለገችው። በየፍርድ ቤቱ መዝገብ ቤት አቧራ ጠጣች፤ በየመቃብሩ ተንበርክካ ስሙ እስኪነበብ ሽበት ያበቀለ ድንጋይ ፈተገች። ፔንሲልቬንያ ላይ ስሙን "ማክልራቪ" ሆኖ አገኘችው፤ ጸሐፊው እንደሰማው ነው የጻፈው። በመጨረሻም ባሕር ተሻግራ ሰሜን አየርላንድ፣ አንትሪም ገባች። እዚያ፣ በአንድ ቤተ ክርስቲያን መዝገብ ላይ፣ ከስኮትላንድ በጀልባ የመጣ "ማክጊልራቪ" የሚባል ሸማኔ ተጽፎ ስታይ፣ እንባዋ ገጹን እንዳያበላሽ ፊቷን አዞረች።

ያገኘችውን ሁሉ በአራት ካርቶን አድርጋ ለድዌይን ሰጠችው። ድዌይን አብሯት ያደገ ዘመዷ ነው፤ የአባቷ እናትና የእሱ አያት እህትና ወንድም ነበሩ። መጽሐፍ አድርጌ አሳትመዋለሁ ብሏት ነበር።

"አንድ ነገር አለ" አለችው፣ ካርቶኖቹን ሲጭን። "ግን ካንተ እንዳያልፍ።"

"ኧረ በይ! እኔን አታውቂኝም እንዴ?"

"አያቴ አባቴን የወለደችው ባል ሳታገባ ነው። ማክራቪ የተባለው በእናቱ ስም ነው።"

"ይኼ ነው? እኔ ደግሞ ሰው ገደለ ልትዪኝ መስሎኝ!" ብሎ ሳቀ። እሷም ቀለል ብሏት አብራው ሳቀች።

በነሐሴ ቤተሰቡ እንደየዓመቱ በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ተሰበሰበ። የዶሮ ጥብሱ ተደርድሮ መጽሐፉ ታደለ። ሽፋኑ ላይ የድዌይን ስም ብቻ አለ። ይሁን ብላ ገልጣ የአባቷን እናት ፈለገች። አገኘቻት፦ "ሳትወልድ አረፈች።"

"ድዌይን፣ አያቴ ካልወለደች እኔ ከየት መጣሁ?"

"ኦርፋዬ፣ ሰው መሃል ባይሆን..."

"ከየት መጣሁ?"

"የመጽሐፉ ኮሚቴ ነው። በጋብቻ የተወለደ ብቻ ይግባ ተባለ።"

"ለኮሚቴው ማን ነገረው?"

ድዌይን የቀሩትን መጻሕፍት መደርደር ጀመረ።

"ያንተን ዘር ባሕር ተሻግሬ አመጣሁልህ" አለች። "አንተ አባቴን እዚሁ ደጅህ ላይ ቀበርከው።"

ማንም "ምን ሆንሽ?" አላላትም። ሁሌ እየሳመች የምትቀበላት አክስት ኔቲ እንኳ ሳህን መሰብሰብ ጀመረች። ኦርፋን ከመጽሐፉ ይልቅ ያመማት ይኼ ነው። ያመጣችውን የፖም ኬክ ሳታስቆርስ ይዛ ተመለሰች። ካርቶኖቼን መልስልኝ ብላ ብትደውል ቀድሞ በራሱ ስም ለቤተ መጻሕፍት ሰጥቷቸው ነበር።

በሦስተኛው ዓመት፣ ባቄላ ስትዘራ፣ ድዌይን አንድ ወረቀት ይዞ መጣ።

"መጽሐፉ ተሳስቷል የሚል ሰው ጻፈልኝ። ይኼን የድሮ ጽሕፈት ካንቺ በቀር የሚያነበው የለም።"

አንዴ አየችው፤ አንብባ ጨረሰችው። ወረቀቱን መለሰችለት።

"የቤተሰቡን ሰው ጠይቅ።"

"እንዴ ኦርፋ፣ አንቺ እኮ..."

ጀርባዋን ሰጠችው። መኪናው ኮረብታውን እስኪዞር ዘሩን ሳታይ እየዘገነች ጣለችው፤ የዚያ መስመር ባቄላ አንዱ ባንዱ ላይ ተደራርቦ በቀለ።