የእትዬ አስካለ የጾም ቁርስ

ጠዋት ከሞላሌ ተደውሎ «እትዬ አስካለ አረፉ» ሲሉኝ «የትኛዋ አስካለ?» አልኩ። የማውቃቸው አስካለ አንድ ብቻ ናቸው። ባለፈው እሑድ እንኳ «ዝናቡ የበግ ጠጉር አላሰጣ አለን» እያሉ በስልክ ሲያማርሩልኝ ነበር። ድምፃቸው ከኔ ይበረታ ነበር እኮ!

ኩላሊታቸው ነው አሉኝ።

ለማታውቋቸው፦ ሞላሌ አስተማሪ ሆኜ ስመደብ ቤት ያከራዩኝ እናት ናቸው። የበግ ጠጉር ፈትለው፣ ባና የሚባለውን የጠጉር ብርድ ልብስ አሠርተው ገበያ ይሸጣሉ። ስኳር በሽታ ከያዛቸው አሥራ ምናምን ዓመት ሆኗቸዋል። ሰው «እግዜር ይማርዎ» ሲላቸው «አሜን። እስኪምረኝ ግን በሽታውን እሺ ብዬዋለሁ» ይላሉ።

እሺ ያሉት ግን ወዲያው እንዳይመስላችሁ። መጀመሪያ ጠዋት የስኳር መርፌውን እየተወጉ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ይጾሙ ነበር። አንድ ዓርብ ገበያ መሃል ባናው ላይ ተዘረሩ። ሰዉ ቡዳ ነው ብሎ ጤና አዳም ሲያስሸታቸው፣ አንዲት ነርስ ደርሳ «ስኳራቸው ወርዶ ነው» ብላ ስኳር አልሳ መለሰቻቸው።

ጾሜን ገደፍኩ ብለው ለነፍስ አባታቸው ተናዘዙ። ስግደት ያዙኛል ብለው ሲጠብቁ ቄሱ «ቀኖናሽ ጠዋት ቁርስ መብላት ነው፤ እስክትሞቺ» አሏቸው።

«ስግደት በስንት ጣዕሙ!» ይሉኝ ነበር። «እሱ ጉልበቴን ቢያመኝ ነው። ይሄ ሰው ፊት ነው!»

ሕፃን ሳይቀር በሚጾመው በፍልሰታ፣ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ተቀምጠው፣ ነጠላቸው ጫፍ የቋጠሩትን የገብስ ቂጣ ፈተው ሲበሉ አይቻለሁ። አንዷ «ምነው እትዬ፣ ቅዳሴ ሳይገባ?» ብትላቸው፣ «የነፍስ አባቴ ያውቃሉ፣ እግዜርም ያውቃል። የቀረሽው አንቺ ነበርሽ፤ ይኸው አወቅሽ» ብለው ማኘካቸውን ቀጠሉ። አጠገባቸው ነበርኩ። ቂጣውን እስኪጨርሱ ግን ቀና ብለው ሰው አላዩም።

በሁለተኛው ዓመት እኔም ላይ ያው ስኳር ተገኘ። ገና ሠላሳ ያልሞላኝ ሰው! ተናደድኩ። መርፌዬን ደብቄ፣ በር ዘግቼ መብላት ጀመርኩ። አንድ ቀን እትዬ አስካለ በሩን ደብደብ አድርገው «አንተ፣ ሰርቀህ ነው እንዴ የምትበላው?» አሉኝ። ሳምንት ሙሉ አኮረፍኳቸው።

እሳቸው ምንም እንዳልተፈጠረ በየጠዋቱ በረንዳው ላይ ቁርስ ለሁለት ያቀርቡ ነበር። ጾምም ይሁን ፍስክ፣ ጎረቤት ኖረም አልኖረም። እስክዛወር ድረስ አንድም ቀን ወጥቼ አብሬያቸው አልበላሁም። አሳቀቁኝ እንጂ አሰቡልኝ አላልኩም። ዛሬ ከሁሉ የቆጨኝ ይሄ ነው።

ደብረ ብርሃን መጥቼም ያው ነኝ። ቢሮ ምሳዬን በር ዘግቼ ነው የምበላው። ስኳር እንዳለብኝ ከባለቤቴ በቀር የሚያውቅ አልነበረም። ይኸው ጻፍኩት።

እትዬ አስካለ፣ ነገ ለቀብርዎ በጠዋት እመጣለሁ። ፍልሰታ ነው፤ ለቀስተኛው በሙሉ ጿሚ ነው። መርፌዬን ተወግቼ፣ ድንኳኑ መሃል፣ ሰው እያየኝ ቁርሴን እበላለሁ። ያሻው ይማኝ።

ከእርስዎ ጋር መብላት የነበረብኝን ብቻዬን ልበላ ነው። ይቅር ይበሉኝ፣ በሰላም ይሂዱ።