ጨው ያልበላው ታርጋ

ኔቪል ትሬጊር እንጀራው መለያ መለጠፍ ነበር። ለፓምፑ፣ ለቧንቧው፣ ለማብሪያ ማጥፊያው ሳጥን ሁሉ ስምና ቁጥር የሚሰጠው እሱ ነው። በአውስትራሊያ፣ በፒልባራ የባሕር ዳርቻ፣ የባሕር ውሃ በኩሬ ተገድቦ በፀሐይ ጨው በሚሆንበት በዚያ ማምረቻ፣ ይህ ሥራ የልጅ ጨዋታ የሚመስለው ካለ መጥቶ አንድ በጋ ይሞክረው። ተለጣፊው ወር ሳይሞላው ተልጦ ነፋስ ይወስደዋል። ቀለሙ ይነጣል፤ አልሙኒየሙን ደግሞ ጨው በልቶ ወንፊት ያደርገዋል። አንድ ጊዜ መለያ በመጥፋቱ አንዱ ሠራተኛ የማይነካ ፓምፕ አስነሣና፣ ለመታፈስ የደረሰ ጨው በባሕር ውሃ ተመልሶ ሟሟ። ሥራ አስኪያጁ ኔቪልን ጠርቶ፣ «በቃ፣ አንድ የማይጠፋ ነገር ምረጥና ገላግለን» አለው።

ኔቪልም ከየዓይነቱ ናሙና አሠርቶ ጣውላ ላይ ደረደረና፣ ማፍሰሱን አቁሞ በማያውቀው በሦስተኛው ፓምፕ አጠገብ፣ ጨው ውሃው በሚረጭበት ቦታ ሰቀለው። ናሙናው ላይ መቼም የሆነ ነገር መጻፍ አለበት። የተሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

ዴዝ ፓቭሊች የፓምፕ መካኒክ፣ የኔቪልም የልብ ወዳጅ ነበር። እሑድ እሑድ በዴዝ ጀልባ ዓሣ ሊያጠምዱ ይወጣሉ፤ አንዱ የሌላውን ቢራ ሳይጠይቅ ከፍቶ ይጠጣል። በዚያ ሰሞን የዴዝ ሚስት ትንሿን ልጃቸውን ይዛ ወደ ፐርዝ ከተማ ሄደች፤ በዚያው ቀረች። ዴዝ ችሎ ችሎ፣ አንድ ቀን በምሳ ክፍሉ የሥጋ ፓዩን እንደያዘ በሰው ሁሉ ፊት ስቅስቅ ብሎ አለቀሰ። እኛ ዘንድ ወንድ እንዲህ ሲሆን የምናውቀው መድኃኒት አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ማብሸቅ ነው። ካልቀለድንበት የራቅነው ይመስለናል። ኔቪልም ክፋት ሳያስብ፣ ናሙናዎቹ ሁሉ ላይ «አልቃሻው ዴዝ» ብሎ ጻፈ።

ወንዶቹ ጣውላውን ከበው ተንጫጩ።

«ዴዝ! ና እንጂ፣ ሐውልት አቆሙልህ!»

ዴዝ መጥቶ አነበበ። ሳቀም። «አንተ ከይሲ፣ ቢያንስ የእጅ ጽሑፍህ ተሻሽሏል» አለው።

«አይዞህ ወዳጄ፣ እስከ ገና አንዱም አይተርፍም» አለው ኔቪል።

ገና አለፈ። ከገና በኋላ አንድ አውሎ ነፋስ መጣና የምሳ ክፍሉን ጣሪያ ሳይቀር ገነጣጥሎ ሄደ። ተለጣፊው የለም፤ ፕላስቲኩ ተሰነጣጥቋል፤ አልሙኒየሙ ጭራሽ አይነበብም። አንዱ ብቻ፣ ፊደሉ ጠልቆ የተቀረጸበት ወፍራሙ የማይዝግ ብረት፣ ትናንት የተሠራ መስሎ ያብረቀርቃል። ኔቪል ደስታውን አልቻለውም። የማምረቻው መለያ ሁሉ በዚያ ብረት እንዲሆን ተወሰነ። ወንዶቹም ናሙናውን ከጣውላው ነቅለው፣ እያፈሰሰ አላስቀምጥ ባለው በሦስተኛው ፓምፕ ላይ በአራት የሪቬት ምስማር ቸነከሩት። ኔቪል በዚያው ቀን ንቀሉት ማለት ይችል ነበር። እሱ ግን አብሯቸው ሳቀ። ያንን ሳቅ መመለስ ቢቻል ዛሬ ያለውን ሁሉ ይሰጥ ነበር።

ከዚያ በኋላ ፓምፑ ሌላ ስም አልነበረውም። «አልቃሻው ዴዝ ዛሬም ለቀቀው!» ይላል ሬዲዮው፤ የሚጠግነውም ያው ዴዝ ነው። ነገሩን የማያውቁ አዳዲስ ልጆች እንኳ ፊቱ ቆመው፣ «ጌታው፣ አልቃሻው ዴዝ ጋ ይፈልጉሃል» ይሉታል። ዴዝ የመፍቻ ሣጥኑን አንሥቶ ይሄዳል። እሑድ ሲሆን በመጀመሪያ ወገቤን አመመኝ አለ። ቀጥሎ የጀልባው ሞተር ተበላሸ። ኋላ ጀልባውን ሸጠው። ኔቪል ይህ ሁሉ ሲሆን ገብቶታል፤ ግን ይቅርታ ማለቱ ራሱ ነገሩን የባሰ የሚያገዝፈው መሰለውና፣ ነገ ከነገ ወዲያ ሲል ዓመታት ነጎዱ።

ዴዝ ጡረታ የሚወጣበት ቀን ደረሰ። ኔቪል ያን ቀን ጠዋት ብረት መቁረጫ ግራይንደሩን ይዞ ወደ ሦስተኛው ፓምፕ ወረደ። ዴዝ ቀድሞት እዚያ ቆሟል፤ ልብሱን ቀይሯል፣ ሻንጣው እግሩ ሥር ነው።

«በግራይንደር ምን ልታደርግ ነው?»

«ላነሣው ነው፣ ዴዝ። ቀድሞም ማንሣት ነበረብኝ። ጥፋቱ የኔ ነው።»

«ተወው።»

«አላስተኛ ብሎኛል እኮ!»

«ተወው አልኩህ። አምና ልጄ ልትጠይቀኝ መጥታ ማምረቻውን አዙሬ ሳሳያት አነበበችው። ‹አባዬ፣ አንተ ነህ?› አለችኝ። አዎ አልኳት። ‹መቼ ነው ያለቀስከው?› አለች። እናትሽ ይዛሽ የሄደች ጊዜ አልኳት። እዚሁ፣ ይሄ ጭቃ ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። አባትሽ ስትሄጂ ቅንጣት ግድ አልሰጠውም እየተባለች ነው ያደገችው።»

ኔቪል ግራይንደሩን መሬት ላይ አስቀመጠው። ውስጡ ትንሽ ቀለል አለው፤ ምሕረት ያገኘ መስሎት ነበር።

«እንግዲያውስ ለበጎ ሆነ በለኛ» አለ።

ዴዝ ሻንጣውን አነሣ። «ለሷ ሆነ። በታርጋው አይደለም የተቀየምኩህ፣ ኔቭ። ሁላችሁም ታሾፉብኝ ነበር። አንተ ግን ጓደኛዬ ነበርክ። ያን ቀን ከምሳ ክፍሉ ስወጣ፣ መጥተህ ምን ሆነህ ነው ያለቀስከው ትለኛለህ ብዬ መኪናዬ ውስጥ ቁጭ ብዬ ጠበቅሁህ።»

ኔቪል ያን ቀን መኪናዋን በመስኮት አይቷት ነበር። ዴዝ እንደተቀመጠባትም አይቷል። ምን እንደሚለው ጠፍቶት መስኮቱን ትቶ ወደ መቅረጫው ተመለሰ፤ የመጀመሪያውን ናሙና የቀረጸውም ያን ከሰዓት ነው።

«አየሁህ እኮ» አለ ኔቪል።

«እንዳየኸኝ አውቃለሁ» አለ ዴዝ፤ ወደሚጠብቀው መኪናም ሄደ።