ጥላሸት የተቀባች ማተብ

ዛሬ ጠዋት ደብረ ብርሃን፣ ከቤተ ክርስቲያኑ በር ፊት ለፊት ካሉት ሱቆች አንዱ ገብቼ ማተብ ስመርጥ ነበር። የልጄ ልጅ ነገ ክርስትና ትነሣለች። ባለሱቁ አንድ እቅፍ ክር ዘረገፈልኝ፤ ቀይ፣ ሰማያዊ፣ ጥቁር፣ ሁሉም የሚያብለጨልጭ ናይለን። አንዱን አነሣሁና ወደ አፍንጫዬ አስጠጋሁት። "እማማ፣ ሽቶ አይደለም እኮ!" ብሎ ሳቀብኝ። ምን ላድርግ፣ ከልጅነቴ ጀምሮ ነገር ሳላሸት አላምንም። ላስቲክ ላስቲክ ይላል። እኔ የማውቀው ማተብ ጥጥ ጥጥ፣ ትንሽም ጭስ ጭስ ይሸት ነበር። ሳልገዛ ወጣሁ።

ስሙኝማ፣ ልንገራችሁ። ልጅ ሳለሁ አንኮበር ነበርን። አባቴ ቄስ ነበር። ከቆላው፣ ከአሊዩ አምባ፣ ጨውና በርበሬ ጭኖ የሚወጣ አንድ ሙስሊም ነጋዴ ወዳጅ ነበረው። ዝናብ ሲይዘው አህዮቹን እኛ ግቢ ያሳድራል፤ አባቴም ቆላ ሲወርድ እሱ ቤት ያርፋል። ጦርነት እየቀረበ መጥቶ በጎረቤላ በኩል ወታደር የጫነ መኪና ሲበዛ፣ ሁለቱ ደጃፋችን ላይ ቆመው ተንሾካሾኩ። እናቴ አራስ ስለሆነች መንገድ አትችልም። አባቴ ደግሞ ታቦቱን ጥሎ የትም አይሄድም። ስለዚህ እኔ ብቻ ከነጋዴው ጋር እንድወርድ ተወሰነ።

አባቴ ሲሸኘኝ ብዙ አላወራም። ጥቁሯን ማተቤን በሁለት ጣቱ ያዝ አደረገና "ይቺን ጠብቂያት። የትም ብትሆኚ በዚች አውቅሻለሁ" አለኝ። እኔ ደግሞ የተነገረኝን ቃል በቃል የምወስድ ልጅ ነበርኩ። ማተቤ ከጠፋች አባቴ አያውቀኝም ማለት ነው፣ በቃ። ቁልቁለቱን ሁሉ አንገቴን በእጄ ይዤ ወረድኩ።

አሊዩ አምባ ስንደርስ ሙቀቱ እንደ ምድጃ ፊቴን መታኝ። ብርሃኑም ሌላ ነበር፤ እኛ ጋ ከጭጋግ ተለምኖ የሚወጣው ፀሐይ እዚያ ያለ ስስት ይፈሳል። የነጋዴው ሚስት ከበር ሮጣ ወጣች። "እሰይ የመምሬ ልጅ! አብሽሪ፣ ቤትሽ ነው" ብላ አገላብጣ ሳመችኝ። ለኔ ብላ አዲስ ድስትና አዲስ ሳህን ገዝታ ነበር፤ የነሱ ሥጋ ያልነካው፣ የኔ ብቻ። ዶሮም ገዛችልኝ። ክርስቲያን ያረደውን እነሱ አይበሉ፣ እነሱ ያረዱትን እኔ አልበላ፤ ስለዚህ ክርስቲያን አራጅ ተፈለገ። የሚያውቋቸው ወንዶች ሁሉ ወይ ዘምተዋል ወይ ተደብቀዋል። ዶሮዋም ሳትታረድ ቀረች፣ እንቁላል እየጣለችም ታበላኝ ጀመር። በሃይማኖት ልዩነት ከሞት የተረፈች እሷን ብቻ ነው የማውቀው።

የቤቱ ልጅ እኩያዬ ናት። እናቷ አጠገብ ተቀምጣ እንዝርቱን ታሾራለች፤ ከጣቶቿ መሀል ክሩ ሲወጣ አየዋለሁ፣ አይገባኝም። ሁለታችንም ነገር ካልጠየቅን እንቅልፍ አይወስደንም።

"ጆሮሽን ጭምር ለምን ታጥቢያለሽ?" እላታለሁ፣ ለሶላት ስትታጠብ።

"ንጹሕ ልሁን ብዬ ነዋ! እናንተስ አንገታችሁን ለምን ታስራላችሁ? እንደ ፍየል እንዳትጠፉ ነው?"

ተናድጄ ለግማሽ ቀን ያህል አኮረፍኳት። ከዚያ ግን ማኩረፉ ሰለቸኝ፤ ያልጠየቅኋት ገና ብዙ ነገር ነበረኛ።

አንድ ከሰዓት በኋላ ልብስ ልናጥብ ወንዝ ወርደን ነበር። የሳሙናው አረፋ ድንጋዩ ላይ ሲፈነዳ እያየን እንስቃለን። ድንገት ከላይ፣ ከኛ አገር በኩል፣ ከባድ መሣሪያ አጓራ። ተራራው መልሶ አጓራ። ልብሱን ጥለን ሮጥን፣ በግራር አጥር ሥር ሾለክን። ቤት ደርሰን ትንፋሻችን ሲመለስ እጄን ወደ አንገቴ ሰደድኩ። የለችም።

ተመልሰን ፈለግን። እሾህ ለእሾህ እጃችን እስኪደማ ፈለግን። ወንዙ በላት፣ ወፍ ወሰዳት፣ እንጃ። እህል አልቀመስኩም። "አባቴ አያውቀኝም" እያልኩ አለቀስኩ።

"ፊትሽንስ?" አለችኝ ጓደኛዬ ከልቧ ግራ ገብቷት። "አባትሽ ፊትሽን አያውቀውም እንዴ?"

"ብሞትስ? ያለ ማተብ ብሞት ማን ይቀብረኛል?"

ጓደኛዬ ተነሥታ እንዝርቷን አመጣች። እስኪመሽ ፈተለች። ክሩን ደራርባ ገመደችው። ነጭ ነበር፤ ጥቁር መሆን አለበት አልኳት። ወደ ጓዳ ሄዳ ከድስት ቂጥ ጥላሸት አመጣችና ክሩን እስኪጠግብ አሸችው። ከዚያ ልታስርልኝ ስትል ቆም አለች።

"ሲታሰር ምን ይባላል?"

"በስመ አብ።"

"እኔ እሱን አልልም" አለች። "ቢስሚላህ ነው የምለው።"

ተያየን። ሁለታችንም አንድ ነገር እንዳናበላሽ ፈርተናል። መጨረሻ ላይ እሷው መላ አመጣች፤ ሁለት ቋጠሮ ይሁን አለች። አንዱን እኔ የራሴን እያልኩ ቋጠርኩ፣ ሌላውን እሷ የራሷን እያለች ቋጠረች።

በነጋታው እናቷ አንገቴን አየች። ጥላሸቱ ወዝቶ እስከ ደረቴ አጥቁሮኝ ነበር። የሆነውን ስንነግራት ጭንቅላቷን ያዘች። "ያ ረቢ! አደራ ብለው የሰጡንን ልጅ አሰለሙ ይሉናል እኮ! የስንት ዘመን ወዳጅነት በናንተ ጨዋታ!" መቀስ አነሣች። እኔ አንገቴን በሁለት እጄ ጨበጥኩ፤ ጓደኛዬ የእናቷን ቀሚስ ይዛ ጮኸች። እናትየዋ መቀሱን አስቀምጣ ቁጭ አለች። "እሺ፣ መምሬ ይምጡና ራሳቸው ይፍረዱን" አለች። ከዚያ በኋላ ሁሉም ሰው የአባቴን መምጣት የሚፈልግም የሚፈራም ሆነ።

መሣሪያው ዝም ካለ በኋላ አባቴ መጣ። ከስቷል፣ ጥምጥሙ አቧራ ለብሷል። ሮጬ ጉልበቱ ላይ ተጠመጠምኩ። እናቴም ሕፃኑም ደህና መሆናቸውን ነገረኝ። ወዲያው ዓይኑ አንገቴ ላይ አረፈ።

"ይቺ የማን እጅ ናት?"

ነጋዴው መሬት መሬቱን አየ። ሚስቱ ከንፈሯን ነከሰች። ጓደኛዬ ግን ወደ ፊት ወጣች። "የኔ ናት መምሬ። ያቺኛዋ ጠፍታባት ነው። እሷ የራሷን አለች፣ እኔም የራሴን አልኩ።"

አባቴ ማተቧን በሁለት ጣቱ ያዛት፣ ልክ ሲሸኘኝ እንደያዛት። ጣቱ ጠቆረ። ቋጠሮዎቹን ገልበጥ ገልበጥ አድርጎ አየ። ይፈታታል ብዬ ፈራሁ። የላላው አንዱ ነበር፤ የኔ። እሱን ጠበቅ አደረገው። ከዚያ በጠቆረ እጁ የጓደኛዬን ራስ ዳሰሰ፣ "እደጊ ልጄ" አላት። እናትየዋ ነጠላዋን ፊቷ ላይ አድርጋ አለቀሰች።

ጓደኛዬ ግን ያልተቋጨ ጥያቄ ነበራት። "መምሬ፣ በማተቧ ነው ያወቋት?"

"አይ፣ በማተቧስ አይደለም። ከሩቅ ስትሮጥ አይቼ ነው። እንደሷ ተንጋዶ የሚሮጥ ማን አለ?"

"አላልኩሽም!" ብላ ጎኔን ጎሰመችኝ።

እኔ ስሄድ ዶሮዋም ለአራሷ እናቴ ተላከች። ሁለታችንም አለቀስን፣ ለዶሮዋ ነው ብለን።

ጥቂት ዓመት እየወጣን እየወረድን ተጠያየቅን። በኋላ ለአረብ አገር ሰው ተዳረች አሉ። ቆላ ወርጄ ብፈልግ ቤቱን ሌላ ሰው ይዞታል። የት እንዳለች የሚነግረኝ አላገኘሁም። ትናፍቀኛለች። ይኸው አርጅቼ እንኳ ገና የምጠይቃት አለኝ።

ማተቧ አለችኝ። ከሱቁ ተመልሼ ከሣጥኔ አወጣኋት። ጥላሸቱ ከታጠበ ዘመን አልፎታል፣ ነጭ ናት። ነገ ካህኑ ማተብ ሲጠይቁ የምሰጣቸው እሷን ነው፤ ለሕፃን አንገት ትረዝማለችና አሳጥሬያታለሁ። በኔ ቋጠሮ በኩል ነው የቆረጥኩት፤ የኔው ስንቴ ላልቶ ስንቴ ታስሯል። የሷን ግን አንድም ቀን ማጥበቅ አላስፈለገኝም።