ቡሬ ላይ የቀረሁበት እሑድ

የደብራችን የሰበካ ጉባኤ ምርጫ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ፍኖተ ሰላም ላይ ነበር። ዕጩ በአካል ካልተገኘ ስሙ ይሰረዛል። እኔ ደግሞ ዓርብ አመሻሹ ላይ ቡሬ፣ ከማልወደው ሰው ጋር አንድ ክፍል ውስጥ ተዘግቶብኝ ነበር።

ሰውየው የእህል ነጋዴ ነው፤ እኔ የሒሳብ መምህር ነኝ። ለምክትል ሊቀ መንበርነት የታጨነው ሁለታችን ነን። ሕዝቡ ትሑታን ይለናል፤ ጉዱን የምናውቀው እኛ ነን። እሱ ጎህ ሳይቀድ ቤተ ክርስቲያን እደርሳለሁ ሲል፣ እኔ ቀድሜው ምንጣፍ አንጥፌ እጠብቀዋለሁ። በማኅበር ቀን እሱ በር ሥር ሲቀመጥ፣ እኔ ከደፉ ውጭ እቀመጣለሁ። መግቢያው ላይ «ይቅደሙ»፣ «ኧረ እርስዎ ይቅደሙ» ስንባባል ከኋላችን ያሉት ካህናት በዝናብ ይደበደባሉ። ባለቤቴ «ይህ ትሕትናችሁ አንድ ቀን ሰው ይገድላል» ትለኛለች።

ከባሕር ዳር ስንመለስ አንድ አውቶቡስ ላይ ተገጣጠምን። ቡሬ ስንደርስ መንገዱ ተዘግቷል ተባለ። ለምን ብሎ የጠየቀ የለም፤ በዚህ ዘመን መንገድ ሲዘጋ ሰው የሚጠይቀው ምክንያቱን ሳይሆን ማደሪያውን ነው። ከከተማው ዳር ያለ አንድ ደብር የሰንበቴ ቤቱን ከፈተልን። መስኮት የሌለው የጭቃ ቤት ነው። በገባሁ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ደረቴ ጠበበኝ።

የሰንበቴው ተረኛ የሆነች አንዲት የአዊ ሴት ለብ ያለ ውሃና ገበቴ ይዛ ገባች። የእንግዳ እግር ማጠብ ቀርቷል እንላለን እንጂ፣ እዚያ አልቀረም። የሁላችንንም በየተራ አጠበችን። ከተሳፋሪዎቹ መካከል ለሕክምና ወደ ፍኖተ ሰላም ብቻቸውን የሚሄዱ አንዲት እናት ነበሩ፤ እግራቸው በስኳር በሽታ ቆስሏል። ሴትዮዋ ስትደርስባቸው እግራቸውን በነጠላ ሸፈኑ።

«ተዪው ልጄ፣ ይሸታል» አሏት።

እኔ ላጥብላቸው ብዬ ልነሳ አልሁ። ብነሳ ነጋዴው «ለታይታ ነው» ይለኛል፤ እሱ ቢነሳ እኔም ያንኑ ነው የምለው። ቀና ብዬ ሳየው እሱም እኔን ያያል። ሁለታችንም እንደ ተቸነከርን ቀረን። ሴትዮዋ ማንንም ሳታይ ነጠላውን ገልጣ አጠበቻቸው። ያን ጊዜ ራሴን ጠላሁት። መንገዱ ቢከፈትም እንኳ የምፈታ መስሎ አልታየኝም።

ቅዳሜ ከሰዓት አንድ ፒክአፕ እንዲያልፍ ተፈቀደለት። የተረፈው የሁለት ሰው ቦታ ነው። አንዱ የእናትዬዋ እንደ ሆነ ማንም አልተከራከረም፤ እግራቸው በአንድ ሌሊት ጠቁሮ ነበርና። ሌላው ቦታ እግራቸውን ጭኑ ላይ አድርጎ ለሚወስድ ሰው ነው። ነጋዴውና እኔ እኩል በሩ ላይ ደረስን።

«እርስዎ ይሂዱ» አለኝ። እጁ ግን እጀታውን አልለቀቀም።

«ኧረ እርስዎ ይሂዱ» አልሁት። እኔም አንድ እግሬን አስገብቻለሁ።

«በሉ እንጂ አባቶቼ! ኬላው ሊዘጋ ነው» ብሎ ሾፌሩ ጮኸ።

እናትዬዋ ከውስጥ፣ በደከመ ድምፅ፣ «ልጆቼ፣ በኔ የተነሳ ነው የምትጣሉ?» አሉ።

እግሬን አወጣሁ። ቅድስና እንዳይመስላችሁ፤ በንዴት ነው ያወጣሁት። «ይግቡ! እንዳይንገላቱ በደንብ ይያዟቸው» አልሁት። ለመጀመሪያ ጊዜ «ይቅደሙ» ሳይለኝ ገባ።

ሌላ መኪና አልመጣም። እሑድ እዚያው አስቀደስሁ፤ ከቅዳሴው አንዲት ቃል አልገባችኝም። ልቤ ፍኖተ ሰላም ሆኖ ለነጋዴው የሚነሳውን እጅ ያያል። ከቅዳሴ በኋላ ምእመናኑ ወደ ሰንበቴው ሲገቡ ሴትዮዋ ማንቆርቆሪያውን አስጨበጠችኝ። ልታከብረኝ አይደለም፤ ባዶ እጄን ተገትሬ ስላገኘችኝ ነው። አስታጠብሁ። ሰዎቹ እጃቸውን እንጂ እኔን አላዩም። ብቻ እዚያ ቤት ከገባሁ ወዲህ ትንፋሽ ያገኘሁት ያኔ ነው።

ስልኬ ጠራ። ነጋዴው ነው። ሊፎክርብኝ ነው ብዬ ላላነሳው ነበር።

«እንኳን ደስ አለዎት» አልሁት፣ ከአንገት በላይ።

«ለምኑ?»

«ለምርጫው ነዋ!»

«እኔማ እርስዎ ሰምተው ይሆናል ብዬ ነው የደወልሁ» አለኝ። «ተትናንት ወዲህ ተሐኪም ቤት አልወጣሁም። እግራቸው ሊቆረጥ ነው አሉ። ዘመድ የላቸው፤ እጄን ይዘው አልለቅ ብለውኛል። ማን ተመርጦ ይሆን?»

«እኔም አልሰማሁ» አልሁት። «መንገዱ እንደ ተከፈተ እመጣለሁ። እየተፈራረቅን እናስታምማቸዋለን።»

«ቶሎ ይምጡ እባክዎ» አለኝ። «ብቻዬን ፈርቻለሁ።»