የአንቶኒዮ ሁለት መቃብር

ጎረቤቴ ፀጋዬ ኮምቦልቻ ውስጥ መኪና ቀለም ይቀባል። በየዓመቱ ጳጉሜ ሲገባ ግን ኖራና ቡሩሽ ይዞ ደጋን ይሄዳል፤ የአያቱን መቃብር ሊቀባ። አያቱ አንቶኒዮ ወታደር ሆኖ የመጣ፣ ጣሊያን ሲወጣ ግን ደሴ አጠገብ ገራዶ ቀርቶ በአናጢነት ያረጀ ሰው ነው። የተቀበረው ግን ደሴ ነው። ደጋን ባለው መቃብር መስቀል ላይ የተጻፈውም ስም ያው የእሱ፣ የትውልድ ዘመኑም ያው ነው። አንቶኒዮ በሕይወት ሳለ ያንን የገዛ ስሙን መቃብር ኖራ እየቀባ፣ ሼህ ጠርቶ ፋቲሃ ያስቀራበት ነበር። ለምን እንደሆነ ጠየቅኩት። ፀጋዬም “አያቴ እንዳይቋረጥ ብሎ አዞኛል” አለኝ፤ ጴንጤ ሆኖ ሼህ ሲለምን ማየት ራሱ ጉድ ነው።

አምና ልጁ ኑኃሚን ለደሴው እስራኤል ታጨች። ዘር ሲቆጠር የሙሽራው አያት እማማ ብዙዬ፣ ሰባት ቤት ካልሞላ እሺ አልልም አሉ። በአንቶኒዮ በኩል ቆጠራው እሱው ላይ ይቆማል። “ጣሊያን በየት በኩል ሊዛመድዎት ነው?” ብለን ብንስቅም እሳቸው አልሳቁም። ፀጋዬ ልጄን ሊያስቀሩብኝ ነው ብሎ እየፈራ፣ በሰው በሰው የአያቱን የውትድርና መዝገብ ከጣሊያን አስመጣ።

መዝገቡ ፀጋዬ ቤት፣ እማማ ብዙዬ ፊት ተነበበ። የአባት የእናት ስም ሁሉ አለው። መጨረሻው ላይ ግን፣ በእኛ አቆጣጠር፣ “በ1929 ደጋን አጠገብ ሞተ፤ ፊቱ ስላልተለየ በአንገት መታወቂያው ታውቆ ተቀበረ” ይላል። የፀጋዬ አባት የተወለደው በሠላሳ አራት ነው። መዝገቡ ላይ ያለውን ፎቶ ግድግዳው ላይ ከተሰቀለው የአንቶኒዮ የሽምግልና ፎቶ ጋር አስተያየነው፤ አንድ ሰው ነው፤ ዝቅ ያለችው ግራ ዓይን ሳትቀር። ቀስ እያለ ገባን። ከጦሩ ሲጠፋ ልብሱንና መታወቂያውን የሌላ ሰው ሬሳ አልብሶ ነው የሄደው።

“የማንን ሬሳ?” አሉ እማማ ብዙዬ።

“እንጃ እማማ፤ አልነገረኝም” አለ ፀጋዬ።

“ፋቲሃ ካስቀራ ሟቹ እስላም መሆኑን ያውቅ ነበር። አባቴ አብዱልወሀብ የደጋን ሰው ነው። በዚያው ዓመት እኔን በእናቴ ሆድ ትቶ ከብት ሊፈልግ ወጣ፤ ሬሳውም አልተገኘ። እኔን ክርስቲያን እንጀራ አባት ነው ያሳደገኝ።” መዝገቡን ወደ ፀጋዬ ገፋ አደረጉት። “ዝምድናስ የለንም። ግን አባቴን ሳልቀብር ሠርግ አልቀመጥም።”

ዘንድሮ ጳጉሜ አብረን ደጋን ሄድን። ፀጋዬ የአያቱን ስም በመሮ ፋቀው፤ ሼሁ ፋቲሃውን ቀሩ። እማማ ብዙዬ አፈሩን በመዳፋቸው እየዳሰሱ “አባዬ” አሉ። ማን እንደገደለው የጠየቀ የለም። ኖራውን ይዛ አጠገባቸው የቆመችው ኑኃሚን ነበረች። እማማ ያችን ከአንቶኒዮ የወረሰቻትን ዝቅ ያለች ግራ ዓይኗን ብዙ አዩዋት፤ ከዚያ እጇን ያዙ።