ሃያ ስድስት ኪሎ ለአንድ ኩላሊት

ሎሳሊኔ እስከ አርባ ዘጠኝ ዓመቷ ድረስ ረሃብን የምታውቀው በስም ብቻ ነበር። ኦክላንድ፣ ማንጌሬ ሰፈር ካለ አንድ የአረጋውያን መጦሪያ ወጥ ቤት ተቀጥራ ትሠራለች፤ የቤተ ክርስቲያናችንም ድግስ ያለ እሷ እጅ አይሰናዳም። ባሏ ከሞተ ስድስት ዓመት ሆኖታል፣ ልጅ የላትም። ትልቅ ሴት ናት። ትልቅ ስል በክፉ አይደለም፤ እኛ የቶንጋ ደሴት ሰዎች ዘንድ ሴት ሞላ ስትል ወገኖቿን ታስከብራለች፣ ከከሳች ደግሞ ከማንም በፊት የሚታማው ወንድሟ ነው። ከምግብ የመጀመሪያውንና የተሻለውን ለእህቱ ማቅረብ የወንድም ግዴታ ነውና።

ወንድሟ ሃቪሊ በሦስት ዓመት ያንሳታል። ኩላሊቶቹ ሥራ ካቆሙ ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል፤ ማክሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜ ሆስፒታል ሄዶ አራት አራት ሰዓት ማሽን ላይ ተኝቶ ደሙን ያሳጥባል። ልጆች ሳሉ አንድ ማንጎ ለሁለት ግጠው፣ ፍሬውን ማን ይምጠጥ ብለው የሚደባደቡ ነበሩ። ካደጉ ወዲህ ግን ፊት ለፊት ተቀምጠው አውርተው አያውቁም። በእኛ ወግ ወንድምና እህት ከፍ ካሉ በኋላ አንድ ክፍል ውስጥ አይቀመጡም፣ አይቀላለዱም፣ ስለ ገላና ስለ ሕመም ፈጽሞ አያነሱም። እህት ከወንድሟ በላይ ናት። የሚባባሉት ነገር ካለ በሚስቱ በናኒሲ ወይም በአባታቸው እህት በአክስት ኬሳያ በኩል ይሄዳል። ብዙ ጊዜ ጥሩ ወግ ነው። ሁልጊዜ ግን አይደለም፤ ይህን የምለው በንዴት ነው።

ከዘመድ ሁሉ ኩላሊቷ ለሃቪሊ የሚስማማው የሎሳሊኔ ሆኖ ተገኘ። ለማንም ሳትናገር ነበር የተመረመረችው። ሐኪሙ ሚዛን ላይ አወጣትና መቶ ሠላሳ አንድ ኪሎ አነበበ። በዚህ ክብደት ቢላ እንደማያነሳባት፣ ከማደንዘዣው ላትነቃ እንደምትችል አስረድቶ፣ «መቶ አምስት ሲገቡ ይምጡ፤ ሌላው ሁሉ ዝግጁ ነው» አላት። እሷም አንድ ነገር ብቻ ለመነችው፤ ሰጪው ማን እንደሆነ ወንድሟ እንዳይሰማ። ያለ ፈቃዷ ማንም እንደማይነግረው ቃል ገባላት። ሃቪሊ ቢያውቅ እሺ እንደማይል ልቧ ያውቀዋል። የእህቱ ገላ ለእሱ ሲባል ከሚቀደድ ማሽኑን ነቅሎ ቤቱ መሞትን ይመርጣል። ለአክስት ኬሳያም ለናኒሲም አልተነፈሰችም፤ የእኛ ምእመናን ምስጢር የሚይዙት እስከ ቤተ ክርስቲያኑ በር ድረስ ነው። ስለዚህ ብቻዋን ጀመረች።

የመጀመሪያውን ሳምንት ረሃብ እንደ ጉንፋን የሚያልፍ መስሏት ነበር። ጠዋት ሁለት እንቁላል፣ ቀን የተቀቀለ ዶሮና ጥቅል ጎመን፣ ማታ መረቅ። በሁለተኛው ሳምንት እንደማያልፍ አወቀች። ስትነቃ እሱ ቀድሟት ነቅቷል፤ አውቶቡስ ላይ አብሯት ይሳፈራል፣ ስትዘምር አብሯት ቆሞ ነው። እጅ እግሯ ይቀዘቅዛል፣ ቀትር ላይ ዓይኗ ጭል ጭል ይላል። ያልሞከረችው መላ የለም። ቅርንፉድ ታኝካለች፣ ጥርሷን በቀን አምስት ጊዜ ትቦርሻለች፣ ሆዷ ሲጮህ ፍል ውኃ ትጠጣበታለች፣ ማቀዝቀዣውን ላለማየት ገና ሳይመሽ ትተኛለች። ረሃብ ሰውን ቅዱስ ያደርጋል የሚሉ ሰባኪዎች ተርበው አያውቁም። ሎሳሊኔን ያደረጋት ክፉ ነው። መጦሪያው ውስጥ አንድ ኬክ ግማሽ ሰዓት የሚያላምጡ አሮጊት አሉ፤ እኚያን ምስኪን ሴትዮ አምርራ ጠላቻቸው።

ሥራዋ ደግሞ ከምግብ አያርቃትም። ጨው ልክ መሆኑን ለማወቅ ትቀምስና መታጠቢያው ላይ ትተፋለች። አንድ ቀን ከታመሙ አዛውንት ክፍል የተመለሰ ሳህን ላይ የቀዘቀዘ የተፈጨ ድንች አገኘች፤ ማንኪያው እንደተተከለበት ነው። በሩን በእግሯ ገፋ አድርጋ ዘጋችና በጣቷ ጠርጋ በላችው። ከዚያ ቧንቧውን ከፍታ፣ ድምፅዋ እንዳይሰማ፣ አለቀሰች። ያሳፈራት መብላቷ ብቻ አልነበረም፤ እንባዋ ሳይደርቅ የቀሩትን ሳህኖች መፈተሽ መጀመሯ ነው።

ገና ሲደርስ አሥራ አንድ ኪሎ ወርዳለች። የእሑድ ቀሚሷ ሰፋባት። ሰው መክሳቷን ማየት የጀመረው ያኔ ነው፤ የእኛ ሰው ደግሞ አይቶ ዝም አይልም። ከቅዳሴ ስንወጣ ሴቶቹ ከበቧት።

«ምነው ሎሳ፣ መጦሪያው የሽማግሌዎቹን ትራፊ እንኳ ከለከለሽ?» አለች አንዷ።

«ወንድሟ ከታመመ ማን ያስታውሳታል» አለች ሌላዋ። «እንግዲህ እኛ እናዋጣላት እንጂ።»

ተሳሳቁ። በክፉ ልብ አልነበረም፣ ልማድ ነው። ሃቪሊ ግን አሥር እርምጃ ርቆ ከወንዶቹ ጋር ቆሞ ነበርና ሰማ። ሎሳሊኔ ዓይኗን ወደ እሱ አልላከችም፤ ጫማውን ብቻ አየች፣ ዞሮ ሲሄድ።

ከዚያ እሑድ ጀምሮ ቅርጫት ይመጣላት ጀመር። ጎደሬ፣ ቦዬ፣ በጎደሬ ቅጠል ተጠቅልሎ በኮኮናት ወተት የበሰለ የቆርቆሮ ሥጋ። ናኒሲ በር ላይ ታስቀምጥና «ከወንድምዎ ነው» ብላ ትሄዳለች። ከወንድም የመጣ አይመለስም። ሎሳሊኔ ሳትከፍት ከሳሞአ ደሴት ለመጡ ጎረቤቶቿ ትሰጠዋለች። አንዳንዴ ግን ከፍታ ታሸተዋለች፤ ያን ቀን ሌላ ሥራ አይሆንላትም። ጎረቤቶቿም በልተው ዝም የሚሉ ሰዎች አይደሉም፣ የቅዳሜ ገበያ ላይ ለሰው ሁሉ ሲያመሰግኑ ወሬው ወር ሳይሞላው ሃቪሊ ጆሮ ገባ። እህቱ ምግቡን ለባዕድ እንደምታድለው ሰማ።

በየካቲት ሚዛኑ መቶ አሥራ አምስት ላይ ቆሞ አምስት ሳምንት አልንቀሳቀስ አለ። የማታውን መረቅ ተወችው። ከሥራ በኋላ የማንጌሬን ተራራ ትዞር ጀመር። አንድ ቀን ዳገቱ መሃል ሣሩ ላይ ቁጭ አለችና ሃቪሊን ጠላችው። ባይታመም ኖሮ አሁን ቤቴ ተቀምጬ በቅቤ የተቀባ ዳቦ እየበላሁ ነበር አለች፣ ድምፅ አውጥታ። ያንን ስትል ራሷን ከሰማች በኋላ ለመነሳት ብዙ ጊዜ ወሰደባት። ሲሞት ይታያታል፣ ስትበላም ይታያታል፤ ሁለቱ አብረው መምጣት ከጀመሩ ሰንብተዋል።

ከፋሲካ በኋላ ናኒሲ ያለ ቅርጫት መጣች። ቆማ ነው የተናገረችው።

«እትዬ፣ ሃቪሊ እንቅልፍ አጥቷል። የኔ በሽታ እሷንም ያዛት ይላል፤ ቆይቶ ደግሞ ምግቤን ንቃዋለች ይላል። እኔ በመሃል ተቃጠልኩ። ታመዋል እንዴ? ይንገሩኝና ልንገረው።»

ሎሳሊኔ መቶ ዘጠኝ ገብታ ነበር። አራት ኪሎ ቀርቷታል፣ ምናልባት አንድ ወር። ነገሩ ምላሷ ጫፍ ላይ ደረሰ። ዋጠችው።

«ደህና ነኝ። ሥራ በዝቶባት ነው በዪው» አለች።

እኔ በቦታው ብኖር ትከሻዋን ይዤ እነቀንቃት ነበር። ይህን የምለው አሁን ሆኜ ነው፤ ያን ጊዜ ብጠየቅ እኔም ዝም በዪ እላት ይሆናል።

የግንቦት መጀመሪያ እሑድ የሕፃናት እሑድ ነው። ልጆቹ ነጭ ለብሰው ጥቅስ ያነባሉ፣ ከዚያ ድግሱን ገበታ አይችለውም። በዋዜማው ቅዳሜ ጠዋት ሎሳሊኔ ሚዛን ላይ ስትወጣ መቶ ስድስት አለ። ቀጠሮዋ ረቡዕ ነው። ከሰዓት በኋላ አክስት ኬሳያ ሁለት ሰው የተሸከመው ቅርጫት አስይዘው መጡ። የአባት እህት ናቸው፤ የአባት እህት ቃል እምቢ የሚል ቶንጋ ገና አልተወለደም። ሰሌኑ ላይ ተቀመጡና ቅጠሉን ገለጡት። በጋለ ድንጋይ ጉድጓድ ውስጥ የበሰለ የአሳማ ግልገል ነው፣ ቆዳው ተሰነጣጥቆ ስቡ ገና ይንጠባጠባል።

«ተቀመጪ» አሏት። «ስትበዪ ሳላይ አልመለስም ብዬ ምዬለት ነው የመጣሁት።»

ተቀመጠች። ምራቋ አፏን ሞላው። እጇ ወደ ሥጋው ሲሄድ አየችው፤ እሷ አላዘዘችውም። ነካችው፣ ትኩስ ነው። ከዚያ ሁለቱንም እጆቿን ከጭኗ ሥር አስገብታ ተቀመጠችባቸውና ዘጠኝ ወር የያዘችውን ተናገረች።

«አልችልም፣ አክስቴ። ኩላሊቱን የምሰጠው እኔ ነኝ። አንድ ኪሎ ነው የቀረኝ።»

አክስት ኬሳያ ቅጠሉን በሥጋው ላይ መልሰው ከደኑት። ቅባት የነካውን ጣታቸውን በቀሚሳቸው ጠረጉ።

«ዛሬ ቅዳሜ አይደለም?» አሉ።

«ቅዳሜ ነው።»

«ይህን ማን የሠራው ይመስልሻል? ራሱ ነው። ሌላ ሰው ስለሠራው ነው የናቀችው፣ በእጄ ልሥራላት አለ። ከንጋት ጀምሮ ሲቆፍር፣ ድንጋይ ሲያግል ዋለ። ናኒሲ ማሽኑስ ብትለው፣ አንድ ቀን ቢቀር ምን ይመጣል አላት።»

ሎሳሊኔ እውነተኛ ፍርሃት የፈራችው ያን ጊዜ ነው። አክስቷን እየገፋች ወደ መጡበት መኪና መለሰቻቸው። እሷም እስከ ሃቪሊ አጥር ድረስ አብራ ሄደች፤ ከዚያ አላለፈችም፤ «እኔ ገብቼ ስለ ደሙና ስለ ሽንቱ ምን ብዬ አወራዋለሁ?» አለች። ማሽኑ ያለበት ክፍል ለዕለቱ ተዘግቷል። በስልክ ያናገሯቸው የሆስፒታሉ ሰዎች ሰኞ ጠዋት ይምጣ፣ ትንፋሽ ካጠረው ግን ሳትውሉ ሳታድሩ አምጡት አሉ። አላጠረኝም አለ ሃቪሊ። እሱ የጠየቀው ሌላ ነው።

«በላች?»

አክስት ኬሳያ እውነቱን ሊነግሩት አፋቸውን ከፍተው ነበር። ከዚያ ኩላሊቱን እምቢ እንዳይል፣ የረቡዑ ነገር እንዳይበላሽ ፈሩ።

«በላች፤ አጥንቱን ሳይቀር ጋጠችው» አሉት።

ናኒሲ እንደምትለው ከታመመ ወዲህ እንዲያ ሲስቅ አላየችውም። እሑድ ከልጆቹ ጋር ተቀምጦ ሐኪም የከለከለውን ጎደሬና ጨው የበዛበትን ሥጋ እንደ ጤነኛ በላ። ደሙ ከሐሙስ ወዲህ ሳይታጠብ፣ ሰኞ ጎሕ ሲቀድ ልቡ ቆመ።

ረቡዕ ጠዋት ሎሳሊኔ ቀጠሮዋ ላይ ተገኘች። ዘጠኝ ወር ወደዚያች ቀን ስትሄድ ነበር፣ እግሯም መሄዱን አላቆመም። ነርሷ የሰማችው ነገር የለም። ሚዛኑ ላይ አወጣቻትና መቶ አራት ተኩል አነበበች፤ «ጎበዝ! ይህን የቻለ ብዙ ሰው አላየሁም» ብላ እጇን ጨበጠቻት። ሎሳሊኔ አመሰገነቻት። እንደሞተ ልትነግራት አልሆነላትም፤ ኮቷን ለብሳ ወጣችና አውቶቡስ መጠበቂያው ላይ ሦስት አውቶቡስ አሳለፈች።

ቅዳሜ ቀበርነው። በለቅሶ ቤት የክብሩ ሰሌን ከሬሳው ራስጌ ይነጠፋል፣ ቦታውም በአባት እህትነታቸው የአክስት ኬሳያ ነበር። ሎሳሊኔን በእጃቸው ይዘው እዚያ አስቀመጧት፤ እሷም አልተከራከረችም። ዕድሜዋን ሙሉ ለሰው ለቅሶ ስታበስል ኖራ ያን ቀን ወጥ ቤት እንዳትገባ ተከለከለች። በክብሩ ሰሌን ላይ የተቀመጠ ይቀርብለታል እንጂ አያቀርብም። ከቀብር መልስ ከአሳማዎቹ ሁሉ ትልቁ መጥቶ ፊቷ ተቀመጠ። ቤቱን የሞላው ሰው እሷ ሳትጀምር አይጀምርም።

«ብዪ» አሏት አክስት ኬሳያ፣ ቀስ ብለው። «ከእንግዲህ ማን ይከለክልሻል።»

አንድ ቁራሽ አነሳች። የሚያንቃት፣ እንደ አፈር የሚሆንባት መስሏት ነበር፤ እንዲሆንባትም ጸልያለች። አልሆነም። ጣፈጣት። ከልጅነቷ ጀምሮ ከበላችው ሁሉ እንዲያ የጣፈጣት የለም። ሁለተኛ አነሳች፣ ሦስተኛ፤ ስቡ አገጯ ላይ ወረደ፣ እጇ ፈጠነ፣ ሰው እንደሚያያት እያወቀች ማቆም አልቻለችም። ሆዷ ማን እንደሞተ አያውቅም። ፊቷ የነበረውን ጨርሳ ቀና ስትል ናኒሲ ሌላ ሳህን ይዛ ቆማለች፣ ዓይኗ አብጦ።

«ልጨምርልዎ፣ እትዬ?»

ሎሳሊኔ የወንድሟን ሚስት አየቻት። ርቧት ነበር፣ አሁንም። እጇን ዘርግታ ሳህኑን ተቀበለች።